የበቅሎዋ ዳኛ

በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ዳኛ ሆኛለሁ፤ እሱም አሳሰረኝ።

በጣሊያን ጊዜ ነው። ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን ለቅሶ ልደርስ ስሄድ፣ ሁለት ሰዎች የኩታቸውን ጫፍ አቋጥረው እየተጓተቱ መጡብኝ። ያኔ ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተቆራኝቶ ነበር ዳኛ የሚፈልገው። "በሕግ አምላክ! ዳኘን!" አሉኝ። በሕግ አምላክ የተባለ መንገደኛ ጥሎ አይሄድም። ለለቅሶው ብዬ የታጠበ ጋቢ ለብሼ ስለነበር ትልቅ ሰው መስያቸው ይሆናል። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ከሳሹ የአንኮበር ባላገር ነው፤ ተከሳሹ የአልዩ አምባ ነጋዴ። ነጋዴው የሸጠለት በቅሎ ሜዳ ላይ ትጋልባለች፤ ዳገት ስታይ ግን ትተኛለች። አንኮበር ደግሞ ዳገት የሌለበት ደጃፍ የለም። ባላገሩ ዱላውን እየሰበቀ፣ እየተንጎራደደ ተከራከረ፤ ነጋዴውም ተቋጥሯልና አብሮት ይንጎራደዳል። መንገደኛው ከበበን። የጣሊያን ወታደሮች የደረሱት ይኼኔ ነው። ዱላውንና ጩኸቱን አይተው የሽፍታ ጉባኤ መሰላቸው። አስተርጓሚው "አለቃችሁ ማን ነው?" ሲል ሁሉም ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

ሦስታችንን ደብረ ብርሃን ወስደው አንድ የድንጋይ ጎተራ ውስጥ ዘጉብን። ወለሉ ውርጭ ነው፤ ግድግዳው የከረመ ገብስና የአይጥ ሽንት ይሸታል። ወታደሮቹ ቋጠሮውን ፈትተውት ነበር፤ በሩ እንደተዘጋ ሁለቱ መልሰው ቋጠሩት። ዘበኛው በቀዳዳ አየና "እስረኛ ራሱን ሲያስር ዛሬ አየሁ" አለ። በቅሎዋን ጣሊያን ወስዷታል፤ ክርክሩ ግን ከእኛው ጋር ቀረ።

"ጌታዬ ዳኛው፣ ያድምጡልኝ!" ይላል ባላገሩ በየቀኑ። ክርክሩ ሲያበቃ "አንተ፣ እግርህን ሰብስብ" ይለኛል። ነጋዴው ደግሞ አንድ ቀን እፍኝ ቆሎ አስጨበጠኝ። "መማለጃ እንዳይመስልህ፤ ወላሂ ለነፍሴ ብዬ ነው" አለኝ። በላሁት፤ ርቦኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ቋጠሮውን አስፈትተው ባላገሩንና እኔን መኮንኑ ፊት አቆሙን። አስተርጓሚው ለባላገሩ "ነጋዴው ለሽፍቶች ጥይት ያመላልሳል ብለህ መስክር። እሱ ይሰቀላል፤ አንተ በቅሎህንም ገንዘብህንም ይዘህ ቤትህ ትገባለህ" አለው።

ያን ሁሉ ጠብ አይቻለሁና ይመሰክርበታል ብዬ ፈራሁ።

"ጥይት አላየሁም" አለ ባላገሩ። "እኔ የከሰስኩት በቅሎዋ ትተኛለች ብዬ ነው። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች ይላል ያገሬ ሰው። ባላጋራዬን በዳኛ ነው የምረታው፤ በገመድ አልረታውም።"

"ዳኛህ የታለ?" አለው አስተርጓሚው።

"ይኸውና!" ብሎ እኔን አሳየ።

መኮንኑ ገለባ የተጣበቀበት ጋቢዬን አይቶ ሳቀ። ባላገሩን ግን በጥፊ አስመታው።

ስንመለስ ባላገሩ ጉንጩ እንዳበጠ ሄዶ ኩታውን ከነጋዴው ኩታ ጋር ቋጠረ። ነጋዴው "ምን አሏችሁ?" ሲል የሆነውን ነገርኩት። ከዚያ ብድግ ብሎ ፊቴ ቆመ።

"ጌታዬ ዳኛው፣ ዳገት ላይ ትተኛለች" አለ። "ስሸጣት አውቅ ነበር።"

ባላገሩ "አላልኩም ነበር?" ብሎ ሲዘል ነጋዴውንም ይዞት ወደቀ። ሦስታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን፤ ዘበኛው ያበድን መስሎት በሩን ደበደበ። በቅሎዋ ከተገኘች ለሻጩ ትመለስ ብዬ ፈረድኩ። ቋጠሮውንም በእጄ ፈታሁት። ብርዱን መቋቋም ስላልቻልን የሁለቱን ኩታ ደርበን ሦስታችንም ከሥሩ ተኛን።

ቆይተው በነፃ ለቀቁን። ዛሬ ፍርድ ቤት ደጃፍ ሳልፍ ሰዉ ስለ ዳኛ ያወራል፤ አደላ፣ ፍርድ ገመደለ ይላል። እኔ ግን ዓይኔ ከሳሹ ላይ ነው። መኮንኑ ፊት ያንን ባላገር ያሉትን ይኼንን ከሳሽ ቢሉት ምን ይመልስ ይሆን እላለሁ።