የአሥራ አንድ ሰዓቱ ወንበር

እህቴ ምኑን ነበር የምትፈራው? የነርስነት ትምህርት ሦስተኛ ዓመት ላይ ነበረች፤ በጽሑፍ ፈተና የሚቀድማት አልነበረም። የቃል ፈተና ዕለት ግን ሦስት መምህራን ፊት ቆማ ድምፅዋ ጠፋ፤ በሩን ከፍታ ወጣች። አንድ ተጨማሪ ዕድል ሰጧት። ያን ካበላሸች ከትምህርቱ ትሰናበታለች።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ትመላለሳለች። ብርጭቆ ታጥባለች፣ የታጠበውን መልሳ ታጥባለች። እናታችን ወለሉን ልትጨርሺው ነው ወይ እያለች ታሾፍባታለች፤ ከዚያ ዞር ብላ ትተክዛለች።

የተማሪዎች አማካሪዋ ጭንቀቱን ከምትታገዪው ቀጠሮ ስጪው አለቻት። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ግማሽ ሰዓት ተጨነቂ፤ በሌላ ጊዜ ሲመጣብሽ ሰዓትህ አልደረሰም በይው። እህቴ እናታችን ልብስ በምትሰፋበት ክፍል ጥግ ላይ ያለውን ወንበር መረጠች።

ችግሩ፣ እኛ ቤት ሰው ብቻውን እንዲጨነቅ አይተውም። በሁለተኛው ቀን ባለታክሲው አጎታችን በርጩማ ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና ስለ ሞተሩ ድምፅ ይጨነቅ ጀመር። ቀጥሎ እናታችን መቀሷን አስቀምጣ የወገቧን ሕመም ይዛ ገባችበት። እህቴ ተራ ሳይደርሳት ግማሽ ሰዓቱ አለቀ።

አማካሪዋ ይህን ስትሰማ በጣም ሳቀች አሉ። እንግዲያው ሰዎቹ ይጥቀሙሽ፤ ድምፄ ቢጠፋ ይስቁብኛል ብለሻል፣ እስቲ ፊታቸው ቆመሽ ስታስረጂ ሆን ብለሽ ዝም በይና የሚሆነውን እዪ አለቻት።

በማግስቱ እህቴ ከወንበሩ ተነሥታ ስለ ኩላሊት ታስረዳን ጀመር። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ አንድ ሰውዬም ነበር። መሃል ላይ ስትደርስ ዝም አለች። ቀሚሷን ጨምድዳ ይዛለች። የስፌት መኪናው ቆመ። ማንም አልሳቀም።

“እሺ፣ ከዚያስ?” አለ ሰውዬው። “ደሙን ካጣራ በኋላ ቆሻሻውን የት ያደርሰዋል?”

“ተዋት ታስብበት” አለው አጎታችን። “አንተ ሱሪህን ያዝ።”

እህቴ ፈገግ አለችና ቀጠለች።

የፈተናው ዕለት ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። እዚያም ድምፄ ጠፋ አለችን። እናታችን ክሩን በጥርሷ እንደያዘች ቀረች።

“ቆምኩ። አንደኛው መምህር እስክሪብቶውን እያሽከረከረ ጠበቀኝ። ያ ባለሱሪ ትዝ አለኝና በልቤ ‘ከዚያስ?’ አልኩ። ከዚያማ ጨረስኩት፤ አልፌያለሁ፣ እማዬ።”

አጎታችን በርጩማውን ሳበ። ዛሬማ ሙሉው ተራ የኔ ነው ብሎ የሞተሩን ነገር ከመጀመሪያው አነሣ። መሃል ላይ ዞር ብሎ እህቴን አያት። ራሷ ወደ ግድግዳው ዘመም ብሏል፣ አፏም ትንሽ ተከፍቷል። እናታችን እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ቀስ ብላ አነሣች። አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ነበር፤ ፀሐይዋ ገና አልገባችም።