ሱርባላ የዋሸችበት ዓሣ

በሜግና ወንዝ አፍ ያሉ ሴቶች ዓሣ ገዝተው ወደ ቤት የሚገቡት በሱርባላ ደጅ አልፈው ነበር። ነጋዴዎቹ የትልቁን ዓሣ የኢሊሽን ግልገል፣ ትንሽ ሆኖ በሚቀር በሌላ ዓሣ ስም «ጫፒላ ነው» እያሉ ይሸጣሉ። እሷ ግን ቅርፊቱን በጣቷ ዳስሳ ታጋልጣቸዋለች፤ የጫፒላ ቅርፊት ደቃቅ ነው፣ የኢሊሽ በልጅነቱም ሰፋ ይላል።

«ልጁን ዛሬ ከበላችሁት ለከርሞ ማን ይወልድላችኋል? ሂዱ መልሱለት!» ትላለች። ይመልሳሉ። ሱርባላ ሀብት የላትም፤ ያላት ይህ መታመኗ ብቻ ነበር።

በዚያ ዓመት በብርዱ ወራት ባሏ ኒታይ ታመመ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያጠምድ ግልገል ከመረቡ እየለቀመ ወደ ውኃ የመለሰ ሰው ነው። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። በአራተኛው ቀን እንደማፈር ብሎ፣ በልጃቸው ስም ጠርቷት፣ «የካኑ እናት፣ ኢሊሽ አማረኝ» አላት። ትልቁ ኢሊሽ ደግሞ በብርዱ ማብቂያ እስከሚውለው የሳራስዋቲ በዓል ድረስ በወጉ ቤት አይገባም፤ ገበያም ላይ አይገኝም።

ሱርባላ ዓሣ ነጋዴው ሞታሌብ ዘንድ ሄደች።

«ጫፒላ ስጠኝ።»

«ዛሬ ጫፒላ የለም፣ አክስቴ።»

«ያንን ጫፒላ ስጠኝ አልኩህ!» አለች፣ የግልገሎቹን ቅርጫት እያሳየች።

ሞታሌብ ሳቁን መያዝ አቃተው። «አንቺው ራስሽ? ጉድ ነው!»

«አፍህን ዝጋና ጠቅልል።»

በሰናፍጭ ሠራችው። ሽታው ቤቱን ሞላው፤ ሽታው መቼ ይዋሻል። ኒታይ አንድ ጉርሻ አላመጠ።

«ምን ዓሣ ነው?»

«ጫፒላ ነው» አለች፤ ዓይኑን ማየት ግን አልቻለችም።

«ጥሩ ጫፒላ ነው» አለ፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ። «ጨምሪልኝ።»

በመብላቱ ደስ ብሏት ጨመረችለት። በሳምንቱ ሞተ። በአገራቸው ወግ ባሏ የሞተባት ሴት ዓሣ አትቀምስምና እሷም ከዚያ ወዲያ ዓሣ አልበላችም።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ጎረቤቷ ቢሻካ ቅርጫት ይዛ መጣች። ሱርባላ ዳሰሰችና፣ «ግልገል ነው፣ መልሺለት» አለች።

«ወግ ነው!» አለች ቢሻካ። «ለባልሽ የገዛሽውን ሞታሌብ ለገበያው ሁሉ አውርቷል። የአንቺ ባል ሲበላ ጫፒላ፣ የእኔ ሲበላ ግልገል?»

ሱርባላ እጇን ከቅርጫቱ አወጣች። ቢሻካ ዓሣዋን ይዛ ወደ ቤቷ ገባች፣ ጠበሰችውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሱርባላ ደጅ ዓሣ ይዞ የሚቆም ሰው የለም።