ሳብዛል የጠጣው ውሃ

ሳብዛል ግራ እጁ ላይ ሁለት ጣት የለውም። ሻርክ በላቸው የሚሉ አሉ። ውሸታም ሁላ! እኔ ፓስኒ ከተማ መግቢያ ላይ ጎሚስታ ነኝ። ጣቶቹን ያጣ ዕለት የሞተሩን ጎማ የነፋሁለት እኔ ስለሆንኩ ከኔ ስሙ።

ሳብዛል ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቱን የሚያዞር ሰው። ታላቅ ወንድሙን ሻህዶስትን፣ ሚራን የሚባል ከምሥራቅ የመጣ አጥማጅ በመረብ ምክንያት ተጣልቶ እዚያው ጀልባው ላይ በጩቤ አረደው። ሬሳውን ማዕበል የተፋው በአራተኛው ቀን ነው። ዓይኖቹን ዓሣ በልቷቸው ስለነበር እናቱ ናዝ ቢቢ የለየችው በሸሚዙ ነው። አላለቀሰችም። በእጇ የነበረውን ጣሳ ውሃ መሬት ላይ ደፋችና ሳብዛልን፣ "የወንድምህን ደም ሳትመልስ ከእጄ ውሃ አትጠጣም!" አለችው።

መቼም እናት ናት፣ አንጀቷ አሯል። ግን ያን ቀን ተናድጄባታለሁ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሳብዛል ሞተሩን እየገፋ መጣ። ወገቡ ላይ ሽጉጥ ሽጧል።

"ወዴት ነው?" አልኩት።

"ወደ ሚራን አገር።"

"ብቻህን?"

"ሰው ለመግደል አጃቢ ምን ያደርግልኛል?"

"አንተ? አንተ እንኳን ሰው ዝንብም አትገድል! ተው ተመለስ፣ ወንድሜ።"

የአጎቱ ልጅ ቀዲር ከሻይ ቤቱ በር ላይ ሰምቶን ኖሮ፣ "ሳብዛል! የሚስቴን ቀሚስ ላውስህ? ፈርተህ ስትመለስ ትለብሰዋለህ!" ብሎ ተንከተከተ። ሳብዛል ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

በቀኙ ባሕር፣ በግራው ነፋስ የቦረቦረው ተራራ፣ መሐል እሱ ብቻውን። "ባሕሩ እንደዚያ ቀን አምሮ አይቼው አላውቅም" አለኝ በኋላ። "ወንድሜን ውጦ ማማሩ አናደደኝ። እየነዳሁ ሰደብኩት።" ኦርማራ ከተማን እንዳለፈ ነፋሱ አስፋልቱን አሸዋ አልብሶት ነበር። ድንገት ግመል ገባበት። ሞተሩ ተንሸራቶ እሱን እየጎተተ ሄደ፤ የጉልበቱና የክርኑ ቆዳ ተገሽልጦ አስፋልቱ ላይ ቀረ። የውሃ ጀሪካኑ ፈነዳ። ደሙን በአሸዋ አድርቆ እንደገና ተነሣ። ኩንድ ማሊር የሚባለውን የባሕር ዳርቻ አልፎ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ምላሱ ከላንቃው ተጣብቆ ነበር።

ሚራንን በመልክ ያውቀዋል፣ ቤቱን ግን አያውቅም። ከመንደሩ ፈንጠር ብሎ አንድ ቤት አየ። አንዲት አሮጊት በሩ ላይ ቆማለች። ደሙን አይታ፣ "እሰይ ልጄ፣ አላህ አተረፈህ! ና ግባ!" ብላ ጣሳ ሙሉ ውሃ ሰጠችው። እኛ ዘንድ መጀመሪያ ውሃ ነው፣ ወሬ ከዚያ በኋላ ነው። የተጠማን እንግዳ ማን ነህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ጭልጥ አድርጎ ጠጣ።

"በል አሁን ወሬህን ንገረኝ። ከየት መጣህ?"

"ከፓስኒ። የሚራንን ቤት እየፈለግኩ ነው።"

አሮጊቷ ባዶውን ጣሳ ተቀበለችው። "ውሃውን የጠጣኸው ከቤቱ ነው። እናቱ ነኝ።"

አንድ ጣሳ ውሃ የመቶ ዓመት ታማኝነት ነው፤ ሕፃን ሳለን የምንሰማው ይሄንን ነው፤ የጠጣ ባጠጣው ቤት ላይ እጁን አያነሣም። ሚራን ከጓዳ ጩቤ ይዞ ወጣ። ያ የወንድሙ ገዳይ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ ሽጉጡም ወገቡ ላይ! ሳብዛል እንደ እብድ ጮኸ፤ ግንባሩን ከግድግዳው ጋር እያጋጨ አደማው። ግን ሽጉጡን አልነካም።

ያኔ ቀዲር ከሁለት ሰዎች ጋር በፒካፕ ደረሰ። ሳብዛልን አላመነውም፣ ከኋላው ሲከተለው ውሏል። የራሱን ሽጉጥ መዝዞ፣ "ዞር በል፣ አንተ ካቃተህ እኔ እጨርሰዋለሁ!" አለ።

ሳብዛል በሩ ላይ ተገተረ። "የዚህን ቤት ውሃ ጠጥቻለሁ።"

"ትፋዋ!"

"ቀዲር፣ ተመለስ።"

ቀዲር ተኮሰ። ሳብዛል ግራ እጁን ዘርግቶ ነበርና ሁለት ጣቶቹ ተቆርጠው ወደቁ። በደም በተነከረው እጁ የቀዲርን ጉሮሮ አንቆ፣ በቀኙ ሽጉጡን መዝዞ በሰደፉ አፉን ደጋግሞ መታው። ጥርሱ ረገፈ። ሌሎቹ እንዳይጠጉ የፒካፑን አንድ ጎማ በጥይት በሳው፤ እነሱም ቀዲርን ጎትተው በባዶ ቸርኬ እያነከሱ ሸሹ። (ጎማውን በኋላ የለጠፍኩት እኔ ነኝ።) ሚራን ያ ወራዳ ይህን ሁሉ ጊዜ እናቱ ኋላ ቆሞ ነበር። የሳብዛልን እጅ በነጠላዋ ያሰረችለት አሮጊቷ ናት።

ሳብዛል ተመልሶ ለእናቱ ምንም ሳይደብቅ ነገራት።

"ውሃዋ ጥሩ ነበር?" አለችው።

"ጨው ጨው ይላል።"

ከዚያ ወዲያ አሥራ አንድ ዓመት ምግቡን ሠራችለት፣ ልብሱን አጠበችለት፤ ውሃ ግን አንድም ቀን ሰጥታው አታውቅም። እየተነሣ ራሱ ይቀዳል።

በመጨረሻ ትኩሳት ጣላት። ጎረቤቶች ውሃ ቢሰጧት አፏን ገጠመች። "ሳብዛል ይስጠኝ" አለች። እኔም እዚያው ነበርኩ። በሦስት ጣት እጁ ጣሳውን ያዘላት። እጁን ረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

"ከጠጣሁ ያንተ ታማኝ መሆኔ ነው" አለችው።

"አዎ፣ እማ።"

"መቶ ዓመት የለኝም እኮ።"

"ያለሽ ይበቃኛል።"

ጠጣች። ግማሽ ሲደርስ አቆመችና፣ ጣሳውን ተቀብላ በገዛ እጇ ወደሱ ዘረጋችለት።