ስምንት ሪፖርት በአንድ እጅ ጽሑፍ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን መናኸሪያው አጠገብ ዝናብ ይዞኝ የባጃጅ ባትሪ የሚጠግን ሰው በር ላይ ተጠልዬ ነበር። ሰውየው የአንዱን ባትሪ ክዳን ከፈት ሲያደርግ ያ ጉሮሮ የሚቧጥጥ የአሲድ ሽታ ወጣና፣ እግሬ እኔን ሳያማክር ዝናቡ ውስጥ ገባ። «እትዬ፣ ምን ነካዎት? ይበሰብሳሉ እኮ!» አለኝ። እኔ ግን ሃያ ስንት ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ፣ አንኮበር፣ አሥረኛ ክፍል ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ትምህርት ቤታችን አፋፍ ላይ ስለነበር ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከቆላው ተጎትቶ ይመጣና በተሰበረው መስኮት ገብቶ የሰሌዳውን ግማሽ ይሸፍነዋል። «ቤተ ሙከራ» የሚል የተለጠፈበት ክፍል ነበረን፤ ውስጡ ግን ከተሰባበረ ወንበር በቀር ምንም የለም። ሙከራ ባይኖርም ሪፖርት አይቀርም! የኬሚስትሪው መምህር፣ ቲቸር ሙሉጌታ፣ ከመጽሐፍ እያዩ በእንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ ይጽፉልናል፤ ዓላማው፣ ዕቃዎቹ፣ አሠራሩ፣ የታየው ነገር፣ መደምደሚያው። እኛም ያላየነውን አይተናል፣ ያልሸተተንን ሸትቶናል ብለን እንፈርማለን። አንዱ ቀልደኛ «የታየው ነገር» በሚለው ሥር «ቲቸር እንዳሉት ሆነ» ብሎ ጽፎ ከሁላችንም በላይ ማርክ አግኝቷል፤ እውነት የጻፈው እሱ ብቻ ነበር መሰለኝ።

እኔ በክፍሉ የታወቅሁት በእጅ ጽሑፌ ነው። አባቴ መሪጌታ፣ የብራና ጸሐፊ ነበሩ፤ ከፊደል ጋር ያደግሁ ነኝ። ስለዚህ የስምንቱንም ቡድን ሪፖርት የምጽፈው እኔ ሆንኩ፤ ደመወዜ ጭብጥ ቆሎና ሙገሳ። ትርጉሙ ገባኝ አልገባኝ ማን ይጠይቀኛል? መስመሩ ቀጥ ካለ፣ ፊደሉ ካማረ፣ በቃ። አባቴ ግን አንድ ጽኑ ልማድ ነበራቸው። ጽፈው የጨረሱትን መጽሐፍ ሳያሳርሙ ከቤት አያወጡም፤ አንድ ተማሪ ዋናውን ጮክ ብሎ ያነባል፣ እሳቸው የራሳቸውን በጣታቸው ይከተላሉ። «የጸሐፊ ዓይን የራሱን ግድፈት አያይም» ይሉ ነበር። እኔ በልቤ፣ እርጅና ነው፣ እል ነበር።

ሰልፈሪክ አሲድን በውሃ የማቅጠኑን ሙከራ የጻፍኩበት ቀን ጉሙ ከሌላው ቀን ሁሉ ይከብድ ነበር። አንዱን ከሰሌዳ ገለበጥኩ፣ ሰባቱን ከአንዱ። ሦስተኛውና አራተኛው መስመር በአንድ ዓይነት ቃል ይጀምሩ ስለነበር ዓይኔ ሦስተኛውን ዘለለው፤ ሳላውቀው። የዘለልኩት «ግማሹን ውሃ አስቀድመህ ጨምር» የሚለውን ነበር። ወይ ነዶ! ከስምንቱ ወረቀት አንዱ እንኳ ያቺን መስመር አልያዘም።

ማንም ስለማይሠራው ምንም አይደለም ነበር፤ ከዞን ጎብኚዎች ይመጣሉ እስኪባል ድረስ። በአንድ ቀን ወንበሮቹ ወጡ፣ ጠረጴዛ ገባ፣ ቲቸር ሙሉጌታ ከደብረ ብርሃን አንድ ጠርሙስ አሲድ ተውሰው እንደ ሕፃን አቅፈው መጡ። ለጎብኚዎቹ ሙከራውን እንድትሠራ የተመረጠችው አስካለ ነበረች፤ ጎረቤቴ፣ የወንበር ጓደኛዬ፣ ነርስ ካልሆንኩ ሞቼ እገኛለሁ የምትል። እንግዶቹ በር ላይ ሲደርሱ ቲቸር ሊቀበሏቸው ወጡና፣ «ሪፖርትሽን እያየሽ ጀምሪ» አሏት። ወረቀቱን የያዝኩላት እኔ ነበርኩ። ባዶው ብርጭቆ ውስጥ አሲዱን አፈሰሰች። ወረቀቱን አየችና ውሃውን ከላይ ደፋችበት።

አሲዱ ባንዴ ፈልቶ ፊቷ ላይ ተረጨ። ድምፁ ትንሽ ነበር፤ የጋለ ብረት ምጣድ ላይ ውሃ ጠብ ሲል የሚሰማው ዓይነት። የእሷ ጩኸት ግን አሁንም ከጆሮዬ አልወጣም። ፊቷን በባልዲ ውሃ አጠቧት፣ በጭነት መኪና ወደ ደብረ ብርሃን ወሰዷት፤ የግራ ዓይኗ ግን አልተረፈም።

በማግሥቱ ቲቸር ሪፖርቱን ሲያነቡ ፊታቸው አመድ መሰለ። ዲሬክተሩ ቢሯቸው አስጠርተው ስምንት ንጹሕ ወረቀት ሰጡኝ፤ «ከመጽሐፉ አስተካክለሽ ገልብጪ፣ የትምህርት ቤቱ ስም አይጥፋ» አሉኝ። ቲቸር መሬት መሬት ያዩ ነበር። ገለበጥኩ፤ ይሄን ጊዜ መስመር አልዘለልኩም። ከዚያም ለዞን የሚላከውን የአደጋ ሪፖርት በዚያው ባማረ እጄ ጻፍኩ፤ ዓላማው፣ ዕቃዎቹ፣ አሠራሩ፤ መደምደሚያው «ተማሪዋ የተሰጣትን መመሪያ ባለመከተሏ» የሚል ነበር። ማታ አባቴ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ያረመልሽ ማነው?» «ማንም» አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ብራናቸውን አስነክተውኝ አያውቁም።

አስካለ ከሆስፒታል ስትመለስ ወረቀቷን ከትምህርት ቤቱ ለምና ተቀበለች። በቀረው ዓይኗ አስጠግታ አነበበችና ጣቷን ሦስተኛው መስመር ላይ አሳረፈች፤ «ይኸው እኮ ተጽፏል! እንዴት አላየሁትም?» አለችኝ። አጠገቧ ነበርኩ፤ ዝም አልኩ። እሷ ትምህርቷን ተወች፤ እኔ ተምሬ፣ ደመወዝ በልቼ፣ ወልጄ ከበድኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ዘንድ ሲደርስ ግን እያደር ጠቆረ። ዓይኗን አሲዱ ወሰደው እንበል፤ «ጥፋቱ የኔ አይደለም» ብላ የመኖር ዕድሏን የወሰድኩባት ግን እኔ ነኝ።

አምና ለለቅሶ እዚያው አንኮበር፣ ጎረቤላ ወርጄ ድንኳን ውስጥ አገኘኋት። አገላብጣ ስማ አልጠግብ አለችኝ፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጇን ጎትታ አጠገቤ አስቀመጠቻትና፣ «ይቺ ናት እንግዲህ፣ ያቺ እጀ ወርቅ ያልኩሽ! እሷ የጻፈችውን አስተውዬ ባነብ ኖሮ ዛሬ ሁለት ዓይን ነበረኝ» አለቻት። ወደ እኔ ዞራም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አሁንስ ቀለል ብሎኛል፤ የታዘዝኩትን ባለመስማቴ ቤተሰቤን ያስለቀስኩበትን ለነፍስ አባቴ ነግሬ፣ አርባ ቀን ስገጂ ብለውኝ ጨርሻለሁ» አለችኝ።

አርባ ቀን! በዚያ ጉልበቷ፣ ለኔ ኃጢአት። የመሪጌታው ልጅ ስለዚያች መስመር ለነፍስ አባቷ እንኳ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ልነግራት አፌን ከፈትኩ፣ በእግዚአብሔር ስም እላለሁ፣ ከፍቼ ነበር፤ የወጣው ግን «ልጅነት ነው፣ አስኩዬ፤ እግዜር ይቅር ካለሽ ምን ቀረ?» የሚል ሆነ።

እሷም እንደ ድሮው አመነችኝ።