ለመምህሩ የሠራሁት የትከሻ መደገፊያ

የታሰርኩበት መጋዘን ቀድሞ የማዳበሪያ ማስቀመጫ ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሰው ሳይሆን ሽታው ነው፤ ዓይን ያቃጥላል። ግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል «በደረቅ ቦታ ይቀመጥ» ተብሎ ተጽፏል። ከጽሑፉ ሥር ሃያ ምናምን ሰው እርጥብ ወለል ላይ ተቀምጦ ነበር።

የተያዝኩት ከሞላሌ ገበያ ስመለስ ነው። ጫማ፣ ልባሽ ጃኬት፣ የእጅ ባትሪና የባትሪ ድንጋይ የምሸጥ ሰው ነኝ። «የባትሪ ድንጋይ ለማን ነው የሸጥከው?» አሉኝ የያዙኝ ታጣቂዎች፤ ለጠላቶቻቸው የሸጥኩ መስሏቸው ነው። «ባትሪ ላለው» አልኳቸው። ይህች መልስ ያኔ ብልህ መስላኝ ነበር።

በገባሁ በሳምንቴ የክፍሉ ኃላፊ አደረጉኝ፤ እስረኛው ካቦ ይለዋል። ምግብ ሲገባ አከፋፍላለሁ፣ መኝታ እደለድላለሁ፣ የታጣቂዎቹ አዛዥ ሲመጣ ስንት እንደሆንን እናገራለሁ። ለነጋዴ የሚከብድ ሥራ አይደለም። ለራሴ ከበሩ ራቅ ያለውን፣ ነፋስ የማይገባበትን ቦታ ደለደልኩ።

ከአጠገቤ የሚተኛው የሙዚቃ መምህር ነበር። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። የያዙት ከነቫዮሊኑ ነው። ቫዮሊኑ ከነሳጥኑ አዛዡ ቢሮ ተቀመጠ፤ ጠባቂዎቹ «የፈረንጅ ማሲንቆ» ይሉታል። መምህሩን ሲይዙት ግራ ትከሻውን በሰደፍ መትተውት ስለነበር አጥንቱ አብጧል። ከቫዮሊኑ ሥር የሚታሰረው የትከሻ መደገፊያም በዚያው ግርግር ወድቆ፣ ተረግጦ ተሰብሯል።

አንድ ረቡዕ አዛዡ ገባ። ለቅዳሜ የከተማው ሕዝብ ስብሰባ ተጠርቷል፣ እንግዶችም ይመጣሉ።

«መምህር፣ ስብሰባው ሲከፈት ትጫወትልናለህ» አለው። «ሕዝቡ ይይህ። ተማሪዎችህም ይዩህ። ተመክሮ ከእኛ ጋር ሆነ ይበሉ። ከዚያ ወደ ቤትህ።»

መምህሩ ትከሻውን ነካ አደረገ። «ይህ ትከሻ ቫዮሊን አይሸከምም። መደገፊያው ደግሞ ተሰብሯል። ያለ እሱ ይንሸራተታል፤ ልጫወት ብልም አልችልም።»

አዛዡ አልተቆጣም። ትንሽ አሰበና ሲወጣ በሩ ላይ በጣቱ ጠራኝ።

«አንተ ነጋዴ አይደለህ? ነጋዴ መላ አያጣም። ያን መደገፊያ የሚለውን ነገር ከየትም ብለህ ፍጠር። ያንተንም ጉዳይ እናየዋለን።»

ከተናገረው ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ የቀረችው የመጨረሻዋ ቃል ነበረች።

ተመልሼ መምህሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። «ያ የተሰበረው ዕቃ ምን ዓይነት ነው?» አልኩት። በእጁ ቅርጹን አሳየኝ። ጎበጥ ያለ፣ በላዩ ለስላሳ ነገር ያለበት፣ ከቫዮሊኑ ሆድ ሥር ተይዞ ትከሻ ላይ የሚያርፍ ዕቃ ነው።

«ይህችማ ምን አላት! እሠራልሃለሁ።»

«ተወው፣ አትድከም።»

«የምን ድካም? ቁጭ ብዬ ከመዋል።»

«ግድ የለም፣ ተወው።»

«በሞቴ!»

«ስለ እግዜር፣ ተወው» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በእኛ አገር የተጋበዘ ሰው እንቢ ይላል። ሁለተኛም ሦስተኛም እንቢ ይላል። በቃኝ ብሎ ሳህኑን በእጁ የሚከልል ሰው ጠግቧል ማለት አይደለም፤ ጨዋ ነው ማለት ነው። በሞቴ ብሎ ያልጨመረለት ጋባዥ ደግሞ ንፉግ ይባላል። ያደግሁት በዚሁ ነውና የመምህሩንም እንቢታ ይሉኝታ ነው አልኩ። እውነቱን ለመናገር ግማሹን ከልቤ አምኜዋለሁ። ግማሹን ያመንኩት ማመኑ ስለሚጠቅመኝ ነው።

ሐሙስን ሙሉ ስሠራ ዋልኩ። ቢላ አይፈቀድም። ከቤት የመጣልኝን የሰርዲን ቆርቆሮ ክዳን ሲሚንቶው ላይ ስዬ፣ ከዘይት ጀሪካን ጎን አንድ ስንዝር የሚሆን ጎባጣ ፕላስቲክ ቆረጥኩ። ከፍራሼ ስፖንጅ ቀደድኩ። ልባሽ ጃኬት ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የሰው ትከሻ በዓይኔ ነው የምለካው። መምህሩ ግቢ ወጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ ከኋላው ቆሜ ለካሁት። ግራው ከቀኙ ዝቅ ብሏል፤ በእብጠቱ በኩል ስፖንጁን አሳሳሁት፣ በሌላው በኩል አወፈርኩት። ለመሸፈኛ ከሌሊት ልብሴ፣ ከባናዬ ጫፍ ቆረጥኩ፤ የመንዝ በግ ጠጉር ልብስ ላይ አይንሸራተትም። ማሰሪያ ሲጠፋ የውስጥ ሱሪዬን የወገብ ላስቲክ መዝዤ አወጣሁ።

መርፌ የነበራቸው መርጌታ ብቻ ናቸው። ሰባ ያለፋቸው የድጓ መምህር ሲሆኑ መርፌያቸውን በጥምጥማቸው እጥፋት ይደብቃሉ። ለምን ታሰሩ ሲባሉ «ቅኔዬ ገብቷቸው ይሁን ሳይገባቸው፣ እኔም አልለየሁትም» ይላሉ።

«መርፌ ለምንህ ነው?» አሉኝ።

«ለመምህሩ የትከሻ መደገፊያ ልሰፋለት ነው፣ የኔታ።»

«እሱ ሥራልኝ ብሎሃል?»

«ይሉኝታ ይዞት ነው እንጂ ይፈልገዋል።»

መርፌውን ዘረጉልኝ፤ ጣታቸው ግን ቶሎ አልለቀቀውም። «አንተ ልጅ፣ እንግዳ ማጉረስ ደግ ነው። አፉን ፈልቅቆ ማጉረስ ግን ሌላ ነገር ነው።»

ሳቅሁ። ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም።

አርብ ጠዋት ሁላችንም ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ አዛዡ መጣ። መደገፊያውን ለመምህሩ ቀድሜ በስውር ልሰጠው እችል ነበር። ቢፈልግ ያወጣው፣ ባይፈልግ ፍራሹ ሥር ይቀብረው ነበር። አልሰጠሁትም። ማን እንደሠራው አዛዡ በዓይኑ እንዲያይ ፈለግሁ።

«ነጋዴ፣ ዛሬ ምን ይዘሃል?»

«ያዘዙኝን» ብዬ ከኪሴ አወጣሁት።

ተቀብሎ አገላበጠው፤ ስፖንጁን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገ። «እውነትም መላ አታጣም» አለ። «ያንተንም ነገር አንረሳውም።»

መምህሩ ሦስት እርምጃ ያህል ርቆ ቆሟል። ሰማ። ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቤቱን ከሚዘርፉት መሀል ጎረቤቱን ያየ ሰው አስተያየት ነው።

ያ የተሰበረ ዕቃ ለመምህሩ ሰበቡ ነበር። እንቢ ሳይል እንቢ የሚልበት፣ ሳይመታና ሳይዋረድ ቅዳሜን የሚያልፍበት። የትከሻውን እብጠት አዛዡ ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ ሌላ ሰበብ አልነበረውም። እኔ ያንን ነው ቁጭ ብዬ፣ ለክቼ፣ ሰፍቼ የወሰድኩበት።

ቫዮሊኑ ከቢሮ መጣ። መምህሩ መደገፊያውን ከሥሩ አስገብቶ ላስቲኩን ወጠረ። ትከሻው ላይ አሳረፈው፣ አገጩን ጫነበት፣ ሁለቱን እጆቹን ለቀቀ። ቫዮሊኑ ንቅንቅ አላለም። በነጋዴነት ዘመኔ ብዙ የማይረባ ዕቃ ደህና ነው ብዬ ሸጫለሁ፤ የእጄ ሥራ እንዲበላሽ የተመኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አንዷን ክር በጣቱ መታ አደረጋት። ቁልፏን ጠበቅ አድርጎ ደግሞ መታት።

«እንዴት ነው?» አለ አዛዡ።

«ልክ ነው። ጥሩ አድርጎ ሠርቶታል።»

«እንግዲያ ለነገ ደረስን ማለት ነዋ።»

መምህሩ ቫዮሊኑን ከትከሻው አወረደ።

«አልጫወትም።»

«ያምሃል?»

«ትከሻዬማ ይኸው ተደግፏል። እኔ ነኝ የማልጫወተው።»

አዛዡ አልጮኸም። ሰዓቱን አየ፤ ከዚያ «ዕቃህን ሰብስብ» አለው።

መምህሩ ተንበርክኮ ላስቲኩን ፈታ። ቫዮሊኑን በሸሚዙ እጅጌ ጠርጎ ሳጥኑ ውስጥ አስተኛው፤ ሳጥኑን ለጠባቂው አስረከበ። መደገፊያውን ግን ይዞ ወደ እኔ መጣ። ለታላቅ ሰው ዕቃ እንደሚሰጥ በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ ሰጠኝ።

«ስፖንጁን ወደ ፍራሽህ መልሰው» አለኝ። «ወለሉ ይበርዳል።»

ከቀትር በፊት መኪና ላይ ጭነው ወሰዱት። ቅዳሜ ስብሰባው ያለ ቫዮሊን ተካሄደ፤ ጭብጨባው እኛ ድረስ ይሰማ ነበር። መርጌታ የመለስኩላቸውን መርፌ ጥምጥማቸው ውስጥ ሰክተው ጸሎታቸውን ቀጠሉ። ማክሰኞ ስሜ ተጠራ። «ጉዳይህ ታይቷል» አሉኝ። በአንድ ጥንድ ጫማ ግማሽ ቀን መከራከር የምችል ሰው «መምህሩስ የት ነው?» ብዬ አንዲት ጥያቄ ሳልጠይቅ ወጣሁ።

መምህሩ የተፈታው ከሌላ እስር ቤት፣ ከስምንት ወር በኋላ ነው። አሁን እዚሁ ከተማችን ያስተምራል። ስንገናኝ ቀድሞ ሰላም የሚለው እሱ ነው፤ ስለ ቤቴ፣ ስለ ልጆቼ ይጠይቀኛል። ስለዚያ አርብ ተነጋግረን አናውቅም። በአገሩ ደግሞ ነጋዴው በምላሱ አሞኝቷቸው ወጣ የሚል ወሬ አለ። ወሬውን እኔ አላወጣሁትም። አላስተባበልኩትምም፤ ለገበያም አይከፋም።

በቅርቡ አንድ ተዝካር ላይ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል። መምህሩ ፊት ለፊቴ ነው። ከቀየት ገጠር የመጣ አንድ ዘመዴ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ይህ ሰውዬ እኮ በአፉ ብቻ ነው ከዚያ የወጣው! እስቲ ምን ብለህ እንደሸወድካቸው ንገረን» አለ። ድንኳኑ ሳቀ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

መናገር ነበረብኝ። ከዚያ የተሻለ ጊዜም ሆነ የተሻለ ምስክር አላገኝም። ከፊቴ ያለውን ጠላ አንስቼ ጠጣሁ። መምህሩ ትንሽ ጠበቀኝ። እንደማልናገር ሲገባው ወደ ዘመዴ ዞረና፣ «የእናንተ አገር ገብስ ዘንድሮ እንዴት ነው? ውርጭ መታው ሲሉ ሰማሁ» አለው።

ዘመዴ ስለ ገብሱ ጀመረ። ሌሎቹም ተቀበሉት። እኔም ስለ ገብስ አወራሁ።