በእጄ የጻፍኩት ክልከላ

የደን ተጠቃሚዎች ማህበራችን ሲቋቋም ጸሐፊ ያደረጉኝ የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ ነው። በመንደራችን በማንኪራ ከእኔ የበለጠ የተማሩት ቦንጋ ከተማ ገብተው ቀርተዋል። ስብሰባው በቋንቋችን በካፊኖኖ ይካሄዳል፤ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ። ያን ጊዜ በደኑ ጠርዝ ያሉት ዛፎች ቀይ ቀለም ተቀቡ። ከቀለሙ ወደ ውስጥ ቡና መልቀምና ቀፎ መስቀል ተፈቀደ። አዲስ ቤት መሥራት ወይም የነበረውን ማስፋት ተከለከለ። ያረጀ ቤት ግን በቆመበት ስፋት ማደስ ይቻላል። የእኛ ቤት ከቀለሙ ወደ ውስጥ ነው። ያለነው እናቴ፣ ወንድሜና እኔ ብቻ ስለሆንን ይጠበናል ብዬ አላሰብኩም። ክልከላውን ሳላመነታ ጻፍኩት።

አምና ክረምት ሲገባ እናቴ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ጭቃ አንሸራተታትና ዳሌዋ ተሰበረ። ሆስፒታል ከርማ በቃሬዛ ስትመለስ ቤታችን አልሆናትም። ግማሹ የላሟ ጋጥ ነው፤ በቀረው ውስጥ ምድጃው፣ ከፍ ያለው መደብና ሦስት ሰው ተጣብበናል። በሩም ቁልቁለት ላይ ነው፤ እሷን ደግፎ ማውጣት ለሁለት ሰው ይከብዳል።

መቀመጥ አቃተኝ። ምግብ ጥጄ እረሳዋለሁ። ከደጅ ወደ ጓሮ እመላለሳለሁ፤ ከቤቱ ጀርባ ያለችውን ለጥ ያለች ቦታ ደጋግሜ በእርምጃ እለካታለሁ። ወንድሜ ዝምተኛ ነው። አንድ ጠዋት ምንም ሳይነግረኝ ከራሳችን ባህር ዛፍ አራት ምሰሶ ቆርጦ እዚያችው ቦታ ላይ መትከል ጀመረ። ተው ማለት ነበረብኝ። ድንጋይ ላቀብለው ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን የማህበሩ ሊቀመንበር መጡ። አባቴ የሞተ ጊዜ ከቤታችን ያልጠፉ ጎረቤት ናቸው። ከእናቴ ጋር ብዙ ተጫወቱና እኔን ወደ ጓሮ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የእማዬ መኝታ ነው፣ ጋሽ። ለበሽተኛ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። የላይኛው ሰፈር ሰውዬ ለልጁ ጎጆ ሲቀልስ ምን አልነው?»

የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

«አፍርስ አልነው፤ አፈረሰ» አሉ። «አሁን እኛን እያየ ነው።»

በማግስቱ በሞተር ቦንጋ ወረድኩ። የደን ጥበቃ ቢሮው ውስጥ ያገኘሁት ኤክስፐርት ትሁት ወጣት ነው።

«እትዬ፣ እኔ ልፈቅድልዎ አልችልም። ደንቡ የማህበሩ ነው» አለኝና ፋይሉን ገለጠ። በጣቱ እየተከተለ አንቀጹን አነበበልኝ። «ጽሑፉ እንዴት ያምራል! ማን ነው የጻፈው?»

አልነገርኩትም። ከቀይ ቀለሙ ውጪ፣ መንገዱ ዳር ምትክ ቦታ መጠየቅ እንደምንችል አስረዳኝ። ለእናቴ ስነግራት ፊቷን አዞረች።

«እዚያ ጎረቤት የለም። የወደቅኩ ቀን ስጮህ የደረሱልኝ እነዚህ ናቸው» አለች።

የቀረኝ ስብሰባው ነበር። ቆሜ ጥያቄዬን አቀረብኩ። የላይኛው ሰፈር ሰው ተነሳ። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። «እናቷ እናቴ ናት» አለ፤ «ግን ለእሷ ከተፈቀደ የልጄንም ጎጆ መልሱልኝ።» ጥያቄው ተቀባይነት እንዳላገኘ በቃለ ጉባኤው ላይ ራሴ ጽፌ ፈረምኩ።

ወደ ቤት ስጣደፍ ሰውዬው ከኋላዬ ደረሰብኝ።

«ላሟን ለምን አታወጧትም?»

«ጋጥ መሥራትም እኮ ክልክል ነው።»

«ዘመድ ጋ አድርሷታ! ጋጡን ለእናትሽ አድሱት። ማደስ አልተከለከለም።»

ስንት ቀን በጓሮው ስመላለስ ይህ አልታየኝም ነበር። ላሟን ሺሺንዳ ያለችው አክስቴ ወሰደች። ሰውዬው አካፋ ይዞ መጣና ከወንድሜ ጋር ሁለት ቀን ሙሉ የጋጡን ወለል ሲዝቁ ዋሉ። ከጓሮ የነቀልናቸውን ምሰሶዎች ለግድግዳው ተጠቀምንባቸው፤ በላይኛው ወገን፣ ደልዳላው መሬት ላይ በር ከፈትንላት። ሽታው እስኪለቅ ወር ፈጀ። እናቴ ወተቱ ስለቀረባት ታጉረመርማለች፤ ግን ምርኩዟን ይዛ ብቻዋን ትወጣለች።

እኔ ግን ዛሬም አላረፍኩም። ጎጆው የፈረሰበት ልጅ ሚስቱን ይዞ ከተማ ገባ፤ ማህበሩ እነሱም የሚያድሱት ጋጥ ይኖራቸው እንደሆነ እንኳ አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ከጸሐፊነቱ ልውረድ ብል እምቢ አሉኝ። አሁን አዲስ አንቀጽ ሲመጣ ከመጻፌ በፊት ማንን እንደሚነካ አንድ በአንድ እጠይቃለሁ። ሰዉ በእኔ ይሰለቻል። ሊቀመንበሩም ሰዓታቸውን እያዩ «ልጄ፣ ጻፊ እንጂ፤ ዝናቡ መጣ» ይሉኛል።