ለሚስ አይቪ የዘገየ መርዶ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ዕቃውን ሲያሽግ፣ የፕላስተሩ ጭርርታ ግድግዳውን አልፎ ሲሰማኝ ሚስ አይቪ ትዝ አሉኝ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ ልጅ ሳለሁ፣ ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው የስደተኞች ሰፈር በነበርንበት ረጅም ፎቅ በር ለበር ነበርን። ከካሪቢያን ደሴቶች ከአንዷ የመጡ፣ ሆስፒታል የሚሠሩ፣ ዝምተኛ ሴት ነበሩ። በጋው ሲገባደድ ጆሯቸው ከሬዲዮው አይነጠልም። ድንገት ተነሥተው የመስኮታቸውን መስተዋት በፕላስተር በመስቀለኛ ይለጥፉታል፤ የገላ መታጠቢያውንም ገንዳ አፉ ድረስ ውኃ ይሞሉታል።

እናቴ መስኮቱን ከታች አይታ፣ የገንዳውን ከእኔ ሰምታ እንቅልፍ አጣች። «መተት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?» ትላለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ እሷ ከሥራ እስክትገባ የሚያቆዩኝ እሳቸው ስለነበሩ ግን ፊት ለፊት ክፉ አትናገራቸውም። ያበሉኝን አንድ በአንድ ትጠይቀኝና ፊቴን ጠበል ትረጨኛለች። የራሷ ጠበል በጄሪካን ሞልቶ አልጋ ሥር መቀመጡ ግን ምንም አይመስላትም ነበር።

አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። ሬዲዮው አውሎ ነፋስ ወደ አገራቸው እየሄደ ነው ባለ ቁጥር፣ እናታቸው እዚያ የሚያደርጉትን እሳቸውም እዚህ ያደርጋሉ። «ነፋሱ ጣራ ነው የሚወስደው፤ ጣራ ተመልሶ ይሠራል» አሉኝ ድንች እየላጡ። «የሚያስፈራው ባሕሩ ነው። አውሎው ሲገፋው ከዳርቻው ወጥቶ ቤት ይገባል። ልጅ ሆኜ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ ጫማችንን አነሣ፣ ቀጥሎ አልጋውን፣ ከዚያ ግድግዳውን። ሲመለስም የጉድጓዱን ውኃ ጨው አድርጎት ይሄዳል።» እናታቸው ያንን ዳርቻ አልለቅም ብለው እዚያው ይኖሩ ነበር። ለእናቴ ብነግራት «ባሕር እግር አለው?» ብላ ይብሱን ጠረጠረች።

በዚያው ሰሞን አውሎው ደሴቲቱን መታ። ያን ቀን እናቴ ዕረፍት ነበረች፤ ሚስ አይቪ ሥራ ላይ ስለነበሩ ወንድማቸው እኛ ቤት ደወለ፤ ቁጥራችንን እሳቸው ሰጥተውታል። እኔ አነሣሁት። ባሕሩ ቤቱን ጠርጎ ወስዶታል፣ እናታቸው ሞተዋል፣ መብራት ስለሌለ አስከሬን ማቆየት አይቻልም፤ ዛሬ ማታ ከተነሡ ለቀብሩ ይደርሳሉ አለኝ። ስተረጉምላት እናቴ ያ ሁሉ ጥርጣሬዋ ጠፍቶ ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ዕንባዋን ጠርጋ «መርዶ እንዲህ በድንገት አይነገርም። እህል ይቅመሱ፣ ይተኙ። ነገ ማለዳ ሰው ሰብስበን እናረዳቸዋለን» አለች።

«ማሚ፣ ቱናይት ነው ያለው» አልኳት።

«ዝም በይ፤ ደንብ አለው።»

ከደጃፋቸው አልፋ የማታውቀው እናቴ ያን ምሽት ምስር ወጥ ይዛ ገባች። ወንድማቸው ከደወለ ወዲህ የደሴቲቱ መስመር ተቋርጦ ስለነበር ሚስ አይቪ ስልኩን ደጋግመው ይሞክራሉ። ሳህኑን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «ዛሬ ምን ፈልጋችሁ ነው?» አሉ። እናቴ «ኢት፣ ኢት» እያለች እንዲበሉ ሳህኑን ወደ እሳቸው ገፋችው።

ማለዳ የፎቁ ሐበሾች ጥቁር ለብሰን በራቸው ላይ ቆምን። ከፍተው ሁላችንንም አዩን።

«ማነው የሞተው?»

ነገርኳቸው። አላለቀሱም። መቼ እንደሰማን ጠየቁኝ፤ ትናንት ከሰዓት አልኳቸው። ሻንጣቸውን እያወጡ ለእናቴ የተናገሩትን እኔው ተረጎምኩላት፦ «ቤቱንም እናቴንም የወሰደው ባሕሩ ነው። ቀብሯን የወሰዳችሁብኝ ግን እናንተ ናችሁ።»

አልደረሱም። ከተመለሱ በኋላ ሰላምታቸው በአንገት ብቻ ሆነ፤ እናቴ የላከችው ምግብ ሁሉ ሳይነካ ይመለሳል። አሁን ደግሞ ተጠርጣሪዎቹ እኛ ነበርን። ጥቂት ቆይተው ስካርቦሮ ወደሚባል ሌላ ሰፈር ቤት ቀይረው ሄዱ።

እኔ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ደሴ ያለው አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ሞተ። እዚሁ ያሉ ዘመዶች ደውለው «ለእናትሽ እንዳትነግሪ፤ እሑድ መጥተን እናረዳታለን» አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ ወደምትሠራበት ዳቦ ቤት ሄድኩ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው መሐል፣ በቁሟ ነገርኳት። ጩኸቷ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ቀብሩ እስክትደርስ እንዲቆይ አስደርገን በዚያው ቀን አሳፈርኳት።

ስትመለስ ኤርፖርት ተቀበልኳት። መኪና ውስጥ ገባን።

«ወንድሜን በእጄ አፈር አለበስኩት» አለች። ቀጥላም «የሚስ አይቪ አድራሻ ይገኝ ይሆን?» አለችኝ።